የአባቴ ፈርጉሰን ጥቁር ጭስ አስቸገረኝ፤ ቾኩ ነው ወይስ ሞተሩ?

የሰቃው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወጣ ብሎ ሰቃ ነው ያለነው። አባቴ የተወልኝ ግራጫ ፈርጉሰን ትራክተር አለ፣ በቤንዚን የሚሠራው። ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተሠሩት የቲኢ20 ዘሮች ነው። ልጅ ሆኜ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዘኝ እሱ ላይ ነው። ሽጠው ብትሉኝ አልሰማም።

ጠዋት ቾኩን ስስበው ወዲያው ይነሳል። ሲሞቅ መልሼ እገፋዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ባዶውን ሲሄድ ደህና ነው፤ እሸት ቡና ጭኖ ዳገት ሲይዝ ይንተፋተፋል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ብፈታቸው ጥላሸት ለብሰዋል። ቤንዚንም አልበቃው አለ። አንድ መካኒክ አምጥቼ ባሳየው «ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» አለኝ። የጠራልኝ ብር የዘንድሮ ቡናዬን ግማሽ ይበላል። ለቀማው ደግሞ ተጀምሯል። የምታውቁ እባካችሁ።

የሒርማታ መካኒክ፦
ልጄ፣ ሞተሩን እንዳታስወርድ። ዘይት የሚበላ ሞተር ጭሱ ሰማያዊ ነው። ጥቁር ጭስና ደረቅ ጥላሸት ማለት ቤንዚኑ በዝቷል፣ አየሩ አንሷል ማለት ነው።

ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ ነው፤ ቾክ ደግሞ የእሱ አየር መግቢያ ላይ ያለች ክብ ቆርቆሮ ናት። ስትስበው ትዘጋለች፤ አየር ያንሳል፣ ቤንዚን በብዛት ይሳባል። ለቀዘቀዘ ሞተር ይኼ ጥሩ ነው። ሲሞቅ ግን ጨርሳ መከፈት አለባት። ማሳቢያውን ስለገፋህ ብቻ ተከፍታለች እንዳትል! በ30 ዓመት ሥራዬ ስንቱ ሰው እዚህች ላይ ገንዘቡን ሲያፈስ አይቻለሁ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ባትሪውን ነቅለህ፣ ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ጎማ አውልቅ። አንድ ልጅ ማሳቢያውን ይሳብ፣ ይግፋ። አንተ በእጅ ባትሪ ውስጡን እይ። ሲገፋ ቆርቆሮዋ በጠርዟ ብቻ ነው መታየት ያለባት፣ እንደ ቢላ ስለት።

ከአጋሮ፦
ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ትንሽ የተዘጋ ቾክ እዚህ ከቆላው ይብሳል። ቾኩ ደህና ከሆነ ደግሞ የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊና የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋውን መርፌ እይ። መርፌው ካልዘጋ ቤንዚን ይሞላና ያንጠባጥባል።

የሰቃው፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አየሁት። የፋብሪካው ማሳቢያ ድሮ ጠፍቷል፤ በምትኩ ቀጭን የአጥር ሽቦ ታስሮለታል። ስስበው ቆርቆሮዋ ጥርቅም ትላለች። ስገፋው ሽቦው መሀሉ ላይ ይጎብጥና ቆርቆሮዋ ግማሽ ላይ ትቀራለች። በጣቴ ስገፋት እንደ ዛገ ማጠፊያ ትንቋቋለች። የዘንጓ ዳርና ዳር የቡና ገለባ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ደርቋል። ዘንጓን ላውጣት?

የሒርማታ መካኒክ፦
ግድ ካልሆነ አታውጣት። ቆርቆሮዋን የያዙት ትንንሽ ቪቴዎች እንዳይፈቱ ጫፋቸው የተቀጠቀጠ ነው። በጉልበት ብትፈታቸው ይሰበራሉ። ላልቶ የቀረ ቪቴ ደግሞ ሞተር ውስጥ ከገባ ያኔ ነው እውነተኛው ወጪ።

ካርቡሬተሩን አውርደህ በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን እጠበው። ደጅ ላይ፣ እሳት በሌለበት፣ አደራ። ዘንጓ ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርግና ጣት ሲነካት ብቻ እስክትዞር አመላልሳት። ከዚያ መርካቶ ወርደህ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሽቦ ከነሽፋኑ ግዛ። ሽፋኑን ሁለቱም ጫፍ ላይ አጥብቀህ እሰር። ይኼም ሽቦ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ ቆርቆሮዋን የምትከፍት ለስላሳ ሞላ ጨምርላት። ማሳቢያውን ስበህ የምታንጠለጥልበት መንጠቆም አብጅ፣ አለዚያ ሞላው ይመልሰዋል።

የሰቃው፦
ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። ትናንት ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቷን ሳይንተፋተፍ ወጣት። ማታ አንዱን ካንዴላ ፈትቼ አየሁት፤ ጥቁሩ ለቆ ፈካ ያለ ቡናማ ሆኗል። የአጥር ሽቦውን ስፈታ ደግሞ ቋጠሮውን አወቅኩት። አባቴ በሬ የሚያስርበት ቋጠሮ ነው። ሽቦውን አልጣልኩትም።

ከካርቡሬተሩ ሥር ግን አሁንም ቤንዚን ጠብ ይላል። የአጋሮው ወንድሜ፣ አንተ ያልከው መርፌ ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።