አዲስ ቶክን ከመግዛቴ በፊት ብሎክቼይኑ ላይ ምኑን ልይ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እቁብ ወጥቶልኝ ትንሽ ገንዘብ እጄ ላይ አለ። የአጎቴ ልጅ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። እዚያ አዲስ ቶክን (የዲጂታል ገንዘብ ዓይነት) ያስተዋውቃሉ፤ ቢኤንቢ ቼይን በሚባለው ብሎክቼይን ላይ የወጣ ነው። አድሚኖቹ «ዛሬ ካልገባችሁ ያመልጣችኋል» እያሉ ቀን ከሌት ይጽፋሉ። ባለቤቶቹ እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ወዲያው ይባረራል። ይሄ አላማረኝም።

አንዲት ጓደኛዬ «ሁሉም ነገር ቢኤስሲስካን ላይ ይታያል» አለችኝ፤ የዚያን ቼይን ዝውውሮች የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። ብከፍተው ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። ምኑን ነው የማየው? ይጨምራል ወይ እያልኩ አይደለም። ያስገባሁትን መልሼ ማውጣት እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄዬ።

መዝገብ ፈታሽ፦

እህቴ፣ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቅሽው። እኔ ሥራዬ ኦዲት ነው፤ ብሎክቼይንንም የማየው ዝውውር ሁሉ እንደሚጻፍበት የሒሳብ መዝገብ ነው። ነገ ዋጋው የት እንደሚደርስ አይነግርሽም። ገንዘብሽን ማን ሊወስደው እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ ያሳይሻል።

በቶክኑ ስም አትፈልጊ። ተመሳሳይ ስም ያለው ቶክን ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያወጣል። የኮንትራቱን፣ ማለትም ቶክኑን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ፣ አድራሻ ቢኤስሲስካን ላይ አስገቢ።

መጀመሪያ «ትራንስፈርስ» የሚለውን ክፈቺና ሰዎች እየሸጡ እንደሆነ እዪ። መግዛት ብቻ ካለና የሚሸጡት አንድ ሁለት አድራሻዎች (የዋሌት፣ ማለትም የዲጂታል ቦርሳ ቁጥሮች) ብቻ ከሆኑ፣ እዚያው ተዪው። በ2021 ስኩዊድ የሚባል ቶክን እዚሁ ቼይን ላይ ነበር። ገዢዎቹ መሸጥ እንደማይችሉ እያማረሩ ዋጋው ከ2,800 ዶላር አለፈ። ኅዳር ሳይገባ፣ ኖቬምበር 1 ቀን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዜሮ ወረደ። አውጪዎቹ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይዘው ጠፉ። መሸጥ የሌለበት ገበያ ዋጋው ይወጣል እንጂ ምን ይሆናል?

ቀጥሎ «ሆልደርስ» ነው። ማን ስንት ፐርሰንት እንደያዘ በቅደም ተከተል ይዘረዝርልሻል። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ትልቁ አድራሻ የኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) ከሆነ ብዙውን ጊዜ ስሙ ተጽፎበታል። የወረቀት ምልክት ካለው ኮንትራት ነው፤ ምናልባት የመገበያያው ገንዳ ይሆናል። መጨረሻው «ዴድ» የሚል አድራሻ ከሆነ የተቃጠለ ነው፣ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ስምም ምልክትም የሌለው አንድ ዋሌት ግማሹን ይዞ ከተገኘ ግን፣ ያ ሰው በሸጠ ቀን ያንቺ ድርሻ ዋጋ የለውም።

ከሁሉም በላይ ሊኩዊዲቲውን፣ ማለትም ለመገበያያ የተቀመጠውን ገንዘብ፣ እዪ። ፓንኬክስዋፕ በሚባለው መገበያያ ላይ ስትሸጪ ገንዘቡን፣ ብዙ ጊዜ ቢኤንቢ (የቼይኑን ዋና ገንዘብ)፣ የምትቀበዪው ከአንድ የጋራ ገንዳ ነው። ገንዳውን የሞላው ሰው የባለቤትነት ማረጋገጫ ቶክን ይሰጠዋል፤ ኬክ-ኤልፒ ይባላል። የእሱንም ሆልደሮች ማየት ይቻላል። ኬክ-ኤልፒው በቶክኑ አውጪ ዋሌት ውስጥ ከተቀመጠ፣ በፈለገ ሰዓት ገንዳውን ባዶ ያደርገዋል። ተቆልፎ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የሚከፈትበትን ቀን ፈልጊ።

«ኮንትራት» ላይ አረንጓዴ ምልክት ካየሽ አትዘናጊ። ኮዱ ለሁሉም ተገልጧል ማለት ነው እንጂ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከዱባይ፦

ወንድማችን ጥሩ አስረድቷል። እኔ የምለው፣ ዳታው ንጹሕ ሆኖ ስላገኘሽው ብቻ አትመኚ። ዋሌት ውስጥ ያለው ይታያል፤ ዕዳ ግን አይታይም። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ በኖቬምበር 2022 ሲወድቅ የደንበኞቹ ገንዘብ በቢሊዮን የሚቆጠር ጎድሎ ተገኘ። ያ ጉድለት የነበረው በራሱ የውስጥ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ብሎክቼይን ላይ ያፈጠጠ ሰው ሙሉውን ሊያይ አይችልም ነበር። ዋንኮይን የሚባለው የማጭበርበሪያ ክሪፕቶ ደግሞ ከነጭራሹ ሕዝብ የሚያየው ብሎክቼይን አልነበረውም። መዝገቡን ማየት ካልቻልሽ መልሱን አግኝተሻል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት አየሁ። አንድ ስም የሌለው ዋሌት ከግማሽ በላይ ይዟል። ኬክ-ኤልፒውም ቶክኑን ባወጣው አድራሻ ላይ ነው፣ አልተቆለፈም። እኔ አልገባም። የአጎቴ ልጅ ግን ገዝቷል፣ ያውም ተበድሮ። ምን ልበለው?

መዝገብ ፈታሽ፦

ዛሬውኑ ትንሽ ቆርጦ ለመሸጥ ይሞክር። ከተሸጠለት የቀረውንም ያውጣ፤ «ትንሽ ልጠብቅ» የሚለውን አትቀበዪው። ዋሌቱን ከድረ ገጻቸው ጋር አገናኝቶ ከሆነ ገንዘቡን እንዲያንቀሳቅሱ የሰጠው ፈቃድ ሊኖር ይችላል፤ ቢኤስሲስካን ላይ «ቶክን አፕሩቫል» የሚለው ገጽ ገብቶ ይሰርዘው። ሳይሸጥለት ከቀረ ደግሞ «ገንዘብህን ላስመልስልህ» የሚሉ ሰዎች በውስጥ መስመር ይመጡበታል። ክፍያም፣ ዋሌቱን የሚከፍቱትን 12 ምስጢራዊ ቃላትም እንዳይሰጣቸው አደራ። ከቸገረው የኮንትራቱን አድራሻ እዚህ አስቀምጪው፣ አብረን እናየዋለን።