ጌሙን ወደ ሌላ ዲስክ ካዛወርኩት ወዲህ ቀጥ ቀጥ ይላል፤ ኤፍፒኤሱ ግን አልወረደም

የሌሊት ወፍ፦
እረ ባካችሁ አንድ ሰው ይገላግለኝ፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሲ ዲስኬ (256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ጢም ብሎ ሞልቶ ቀይ ሲሆንብኝ፣ አዲስ 1 ቴራ ሳታ ኤስኤስዲ ገጥሜ ጌሙን ወደዚያ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ መኪና እየነዳሁ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስሻገር ድርቅ ይላል። ግማሽ ሰከንድ፣ አንዳንዴም አንድ ሰከንድ ሙሉ። ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ይቆማል፤ ሲለቀኝ ግንብ ላይ ተለጥፌ እገኛለሁ። የኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታዩ ፍሬሞች፣ ማለትም ምስሎች ብዛት) ቆጣሪው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ 60 ላይ ቁጭ ብሏል። ግራፊክሱን እስከ ታች አወረድኩት፤ የሰዎቹ ፊት ሊጥ መሰለ እንጂ መቆራረጡ እዚያው ነው። የቪዲዮ ካርዱን ድራይቨር አድሻለሁ። ራሙ 8 ጊጋ ነው። ዲ የድሮው ሀርድ ዲስኬ ነው፣ ፊልም ብቻ ነው ያለበት፣ እሱን እርሱት። አሁን አሁን ፋኑም ኪርር ማለት ጀምሯል።

ብሎን ፈቺ፦
ሀርድ ዲስክ ላይ ጭነኸው ነዋ! በ60 ኤፍፒኤስ ለአንድ ፍሬም ያለህ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ አንዲት ቁራጭ ፋይል ፈልጎ እስኪያገኝ ብቻ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ይበላል። ብዙ ቁራጭ ባንዴ ሲጠየቅማ አለቀለት።

የሌሊት ወፍ፦
ወንድሜ፣ ኤስኤስዲ ነው ያልኩት እኮ።

ብሎን ፈቺ፦
ይቅርታ፣ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው የዘለልኩበት። ስሌቱን ግን አትጣለው።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ሁለት ነገር ልጠይቅህ። የሚቆምብህ አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በተመለስክ ቁጥር? መጀመሪያ ብቻ ከሆነ ሼደር ካሽ (ጌሙ ለምስሉ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጠው ኮድ) እየሠራ ይሆናል፣ ትንሽ ስትጫወት ይተውሃል። ሁለተኛ፣ የሳታ ኬብሉ ላልቶ እንዳይሆን የዲስኩን ስማርት (የጤና መዝገቡን) ክፈትና የሲአርሲ ስህተት (ሲተላለፍ የተበላሸ ዳታ) ቁጥሩን እይ። እየጨመረ ከሄደ ኬብል ቀይር።

የሌሊት ወፍ፦
በተመለስኩ ቁጥር ነው። አንዷን ድልድይ አምስቴ ተሻግሬ አራቴ ቆሞብኛል። የሲአርሲው ቁጥር ዜሮ ነው። ትልቅ ፋይል ስገለብጥበትም በሰከንድ 500 ሜጋ ገደማ ይሄዳል።

ሰማያዊ ስክሪን፦
እንግዲያው አዲሱ ዲስክ ንጹሕ ነው። በቆጣሪውም አትሸወድ፣ አማካይ ነው የሚያሳይህ፤ አንዷ የዘገየች ፍሬም በሌሎቹ መሀል ትዋጣለች። ጌሙን በመስኮት አድርገህ ታስክ ማናጀርን ጎኑ ክፈት። ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተህ ሲቆምብህ ሁሉንም ዲስኮች እይ፣ ጌሙ ያለበትን ብቻ አይደለም።

የሌሊት ወፍ፦
ቆይ፣ ይሄ ነገር ምንድነው? ጌሙ ያለበት ዲስክ 4 በመቶ ላይ ተኝቷል። ዲ ግን 100 በመቶ! የምላሽ ጊዜው 1,200 ሚሊሰከንድ ይላል። ፊልም የከፈተ የለም እኮ!

ሰማያዊ ስክሪን፦
ሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ ዲስክ የሚለውን ክፈትና ዲ ላይ የትኛው ፋይል እየተነበበ እንደሆነ ንገረኝ። ገምቻለሁ፣ ግን ከአንተ ልስማው።

የሌሊት ወፍ፦
ፔጅፋይል።

እሺ፣ ልናዘዝ። ሲ ሲሞላብኝ፣ አዲሱ ዲስክ ገና እጄ ሳይገባ፣ አንድ ቪዲዮ አይቼ ፔጅፋይሉን ወደ ዲ አዛውሬው ነበር። 12 ጊጋ ቦታ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ረሳሁት። ጌሙን በዚያው ሰሞን ስላዛወርኩ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ አላከክኩ።

ብሎን ፈቺ፦
አላልኩህም? ዲስኩን ተሳሳትኩ እንጂ ስሌቱ ልክ ነበር 😄 8 ጊጋው ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይነካውን ዳታ ፔጅፋይል ላይ ያስቀምጣል። አዲስ ሰፈር ስትገባ ጌሙ ያንኑ መልሶ ሲጠይቅ ከሚሽከረከረው ዲስክ ላይ እስኪነበብ ቆሞ ይጠብቃል። ግራፊክስ ብታወርድ ያልረዳህም ለዚህ ነው፤ የቪዲዮ ካርዱ የሚሠራው አጥቶ እኮ ነው የተቀመጠው።

ሰማያዊ ስክሪን፦
ፔጅፋይሉን ከዲ አንሳና አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ አድርገው፣ መጠኑን ለራሱ ለዊንዶውስ ተውለት። ጨርሰህ እንዳታጠፋው ግን፤ በ8 ጊጋ ራም ጌሙ መሀል ላይ ይዘጋብሃል።

የሌሊት ወፍ፦
አድርጌ ሪስታርት አደረግኩት። ሁለት ሰዓት ነዳሁ። ድልድይዋን አሥር ጊዜ ያህል ተመላለስኩባት፣ አንዴ ብቻ ትንሽ ነጠቅ አለችብኝ፣ ከዚያ ውጪ ወተት ነው። ኪርርታውም ጠፋ። ለካ ፋኑ አልነበረም፣ ዲ ነበር እንደዚያ ሲጮህ የከረመው።

ብሎን ፈቺ፦
ለቀረችዋ ነጠቅታ ራም ጨምር፣ 16 አድርገው።

የሌሊት ወፍ፦
እሱስ ኪስ ሲፈቅድ። ለጊዜው ጌም ስከፍት ብሮውዘሩን እዘጋለሁ፣ 40 ታብ ነበር ለካ ተከፍቶ የሚውለው።