ስኳር ላለበት ሹፌር፦ ጅማ ላይ የት ይታይ? ምን ይግዛ?

የአይሱዙ ረዳት የሆነው የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ማታ መጣ። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው፤ ስኳር ከተገኘበት ደግሞ ዓመት አልፎታል። «ጋሼ፣ የትኛው ማሠልጠኛ ይሻላል?» አለኝ። ማሠልጠኛው ይቆይ አልኩት። እኔም የስኳር ኪኒን እየዋጥኩ ነው ጭነት የማመላልሰው።

መጀመሪያ ክትትል። ለፈጣን ምርመራ የግል ክሊኒክ ይሻላል፤ ረፋድ ላይ ውጤት ይዘህ ትወጣለህ። ግን የዛሬው ቁጥር የዛሬን ብቻ ነው የሚናገረው። «የ3 ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ ነው ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ የሚያሳየው። ለዘላቂው የእኔ ምርጫ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ታሪክህ አንድ ካርድ ላይ ይከማቻል፣ ዓይንህንም እዚያው ትታያለህ። ስኳር ዓይን ይነካል፤ ለሹፌር ደግሞ ከዓይን የሚበልጥ ምን አለ?

የስኳር መለኪያ ላይ ተሸውጃለሁ። ዘመድ ከውጭ አሪፍ ማሽን ላከልኝ። ስትሪፑ (የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ) ሲያልቅ መድኃኒት ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞርኩ፣ የለም። የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ አይሠራለትም። አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትሪፑ ጅማ ላይ እንደልብ መኖሩን ጠይቅ፣ ማሽኑን ከዚያ ግዛ። ወጪው ያለው ስትሪፑ ላይ ነው። ዳሽቦርድ ላይም አትተወው፤ የጊቤ በረሃ ሙቀት ያበላሸዋል። ኢንሱሊንም እንደዚያው።

እኔ ስኳሬ ከ90 mg/dL በታች ከሆነ ሳልበላ ቁልፍ አልነካም። ከ70 በታች ከወረደ ጣፋጭ ወስጄ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና እለካለሁ። ከተስተካከለም በኋላ 45 ደቂቃ ሳልቆይ መሪ አልይዝም። ለጣፋጩ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይበቃል፤ «ስኳር የሌለው» የሚለውን እንዳትገዛ። ቸኮሌት ቅባት ስላለው ይዘገያል። የጅማ ማር ፍቱን ነው፣ ግን አንዴ ማርሽ ላይ ፈሶብኝ ሳምንት ሙሉ ሲጣበቅ ከረመ።

ከሁሉም የማስጠነቅቀው ጫትን ነው። ፍላጎት ይዘጋል፣ ምሳ ይዘለላል፣ ኪኒኑ ግን ሥራውን አያቆምም። በተለይ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው ይጠንቀቅ። ስኳርህ ወርዶ እጅህ ሲንቀጠቀጥና ሲያልብህ ምርቃና ይመስልሃል። አንዴ ሰኮሩ ላይ እንደዚያ ሆኜ ያወቀብኝ ረዳቴ ነው።

ልኬቱን ደብተር ላይ ጻፍ። አሜሪካ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢንሱሊን የሚወስድ የከባድ መኪና ሹፌር የ3 ወር የልኬት መዝገብ ለሐኪም ማሳየት አለበት። አንተም ለመንጃ ፈቃዱ የጤና ምርመራ ስትገባ ተጠየቅክም አልተጠየቅክም ደብተርህን ይዘህ ግባ። ስኳርህንም አትደብቅ።

ማሠልጠኛ? ለቤትህ የሚቀርበውን። የልምምዱ ሰዓት ምሳህን እንዳያዘልልህ ብቻ እይ።

ሰኞ ጠዋት ካርድ ልናወጣ አብረን እንሄዳለን።