በአስተናጋጅነት ሥራ ሰው የሚሻሻለው በምንድን ነው?

ትሪ_በግራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በመስተንግዶ ሥራ ለቆያችሁ ነው። ሳህን ማድረስና ማንሳት አንዴ እጅ ከለመደው በኋላ ሥራው ድግግሞሽ ብቻ ይሆንብኛል። «ፈገግ በይ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ምክር አልጠቀመኝም። ቲፕም አንድ ቀን ይሞላል፣ አንድ ቀን ይጎድላል፤ በእሱ ራስን መመዘን አይቻልም። በዚህ ሥራ ዛሬ ከትናንት ተሻልኩ የሚያሰኝ ነገር ምንድን ነው? ክፉ ደንበኛ ሲገጥምስ ነገሩን ቤት ይዞ ላለመግባት ምን ይደረጋል?

አምስተኛ_ጠረጴዛ፦
እህቴ፣ ቲፕን መለኪያ አለማድረግሽ ልክ ነው። የደንበኛው ኪስ፣ የዕለቱ ስሜቱና የወጥ ቤቱ ፍጥነት ሁሉ ይገቡበታል። በእጅሽ ያለ መለኪያ ልጠቁምሽ፦ ደንበኛው አንገቱን አዙሮ ስንት ጊዜ ፈለገሽ? ውሃ፣ ማንኪያ ወይም ሒሳብ ለመጠየቅ የተነሣ እጅ ሁሉ አንቺ ቀድመሽ ልታዪው የሚገባ ነገር ነበር። ለአንድ ሺፍት ማስታወሻሽ ላይ በጭረት ቁጠሪው፤ ከጎኑ የተጠየቀውን በአንድ ቃል ጻፊ። ጭረቱ በብዛት የሚከማችባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ፦ ምግብ እንደቀረበና በልተው ሲጨርሱ።

ለመጀመሪያው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደቀመሱ ተመልሰሽ ሂጂ። ከዚያ በፊት ከሄድሽ የሚነግሩሽ ነገር የላቸውም። ከዘገየሽ ደግሞ ሥጋው ያልበሰለለት ሰው እየተናደደ ግማሹን በልቶታል፣ ማረሚያው ጊዜ አልፏል። «ሁሉም ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ሳያስብ «አዎ» ይልሻል። «ሥጋው እንደፈለጉት በስሏል?» ስትይ ግን ሳህኑን አይቶ ይመልሳል። ለሁለተኛው፣ የመጨረሻውን ሳህን ስታነሺ ሌላ የሚፈልጉት ካለ ጠይቂ፤ ከሌለ ሒሳቡን ያኔውኑ አሠሪ፣ ሲጠይቁሽ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሽ።

ሌላው የወንበር ቁጥር ነው። በየጠረጴዛው ወንበር 1 ለበሩ የቀረበው ይሁን፤ ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ 2፣ 3፣ 4 እያልሽ ቀጥዪ። ትዕዛዙን ከቁጥሩ ጋር ጻፊ። «ቀይ ሸሚዙ» ብለሽ ከያዝሽ ሌላ ባለ ቀይ ሸሚዝ ይመጣል፣ ሳህኑን የሚያግዝሽ ባልደረባም ማን እንደሆነ አያውቅም። ስድስት ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ «ሾርባው የማን ነበር?» ሳይባል፣ ወሬያቸው ሳይቋረጥ ሁሉም በየፊቱ ሲቀመጥለት ደንበኛው ልብ አይለውም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። እንደኔ በዚህ ሥራ ከእንዲህ ያለው ነገር የሚበልጥ ደስታ የለም።

ከወጥቤት_በር፦
ቁጥሩ ሁለት ጠረጴዛ ሲጋጠም ይበላሻል። ያኔ ከአንዱ ጫፍ እንደ አዲስ ቆጥረሽ ለባልደረቦችሽ ንገሪ።

እኔ ስለ ጥድፊያ ሰዓት ልጨምር፤ ሙያው የሚለየው እዚያ ነው። አራት ጠረጴዛ አንድ ላይ ሲጠራ ብዙው ሰው ድምፁ ከፍ ወዳለው ይሮጣል። የሚሻለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ትኩስ ምግብ ካለ እሱ ይቅደም፤ እየቀዘቀዘ ነው፣ የምግብ መውጫውንም ይዘጋል። ቀጥሎ የተቀበልሽውን ትዕዛዝ አስገቢ፤ አንቺ ሌላ ጋ ስትሆኚ እሳቱ ይሠራልሻል። አዲስ ለተቀመጡት በመንገድሽ «አይቻችኋለሁ፣ መጣሁ» በቂ ነው፤ ሰው የሚናደደው ከመጠበቁ ይልቅ ያየው ሰው መኖሩን ባለማወቁ ነው። ከዚያ ሒሳብ። ጠረጴዛ ማጽዳት መጨረሻ ላይ፣ ግን ወደ ወጥ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ በሄድሽ ቁጥር የተበላበትን ይዘሽ ሂጂ።

የሦስት ጠረጴዛ ትዕዛዝ አጠራቅመሽ በአንድ ጊዜ አታስገቢ። ለአንቺ ጉዞ ይቀንስልሻል፤ ምድጃው ግን በአንዴ ይጨናነቅና ሦስቱም አብረው ይዘገያሉ።

ትሪ ላይ፦ ከባዱና ረጅሙ መሃል፣ ወደ ሰውነትሽ ጠጋ ይበል፤ ቀላሉ ዳር ይሁን። ስታወርጂ ከግራም ከቀኝም እያፈራረቅሽ አንሺ፣ አለበለዚያ አንዱ ወገን ቀልሎ ይገለበጣል። ደንበኛ ሊያግዝሽ ብሎ ከትሪው ብርጭቆ እንዳያነሣ በትሕትና ከልክዪ። ክብደቱ መቼ እንደሚቀንስ እጅሽ ስላላወቀ ሚዛኑን ይስታል።

ዝምተኛ_ሺፍት፦
ክፉ ደንበኛን በተመለከተ፦ አርሊ ሆችሽልድ የተባለች የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 የበረራ አስተናጋጆችን ይዛ ስሜትን መቆጣጠር ራሱ የሥራው አካል፣ ራሱ ድካም መሆኑን አሳይታለች። ውስጥሽ እየነደደ ፊትሽን ብቻ ማሣቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው በትክክል ምን እንደጎደለው ላይ ማተኮር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ነው ሰውን የሚጨርሰው። ስለዚህ አቤቱታውን ሳታቋርጪ እስከ መጨረሻው ስሚ፣ ነገሩን በራሱ ቃል ድገሚለት፣ ምን እንደምታደርጊ ንገሪውና ሂጂ። «አምስት ደቂቃ» ከማለትሽ በፊት ወጥ ቤቱን ጠይቂ። የተሰበረ ሁለተኛ ቃል ከመጀመሪያው ጥፋት ይብሳል። ስድብና መነካካት ግን ከዚህ ውጪ ነው፤ እሱን በትዕግሥት መቻል ሙያ አይባልም። ጠረጴዛውን ለፈረቃ ኃላፊ አስረክቢና አትመለሺ።

ቤት ይዞ ስለመግባት፣ ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት ያልተቋጨ ሥራ ከተቋጨው በላይ በአእምሮ እንደሚቆይ ጽፋለች፤ መነሻው ሒሳብ እስኪከፈል ትዕዛዙን በቃላቸው የሚይዙ አስተናጋጆች ነበሩ ይባላል። (በኋላ የተሠሩ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም።) ቢሆንም ከመውጣትሽ በፊት ያልተቋጨውንና ማን እንደተረከበው በሁለት ሦስት መስመር ጽፎ ማስረከብ ምንም አያስከፍልም።

አንድ ነገር ግን ከአምስተኛ_ጠረጴዛ ጋር አልስማማም። ደመወዝ የሚዘገይበት፣ ቲፕ ኃላፊው ኪስ የሚገባበት ቤት ከሆነ የወንበር ቁጥር እርካታ አይሰጥም። መፍትሔው ቤት መቀየር ነው። አዲስ ቦታ ስትጠይቂ፦ ለአንድ ሰው ስንት ጠረጴዛ ይደርሳል? ቲፕ በምን ደንብ ይከፋፈላል? የተሰበረ ዕቃ ከደመወዝ ይቆረጣል? ምግቡን ለሠራተኛ ያቀምሳሉ? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ያልቀመሰችውን ምግብ በልበ ሙሉነት የምታስረዳ አስተናጋጅ ግን የለችም።

ትሪ_በግራ፦
አመሰግናለሁ። ሜኑውን ማወቅ ሲባል እስከምን ድረስ ነው? ስም ዝርዝሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

አምስተኛ_ጠረጴዛ፦
ዝምተኛ ስለ ቤቱ ያለው ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ስም መያዝ አይበቃም። በቀን ሁለት ምግብ ያዥና ለእያንዳንዱ አራት ነገር ሼፉን ጠይቂ፦ ውስጡ ምን አለ፣ በምን ዘዴ ይበስላል፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ምኑ ሊቀር ይችላል። አራተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከላይ የሚነሰነስ ይቀራል፤ አስቀድሞ በስልሱ ውስጥ የተቀላቀለ አይቀርም። ደንበኛ አለርጂ አለብኝ ካለሽ «የለውም መሰለኝ» የሚል መልስ የለም። ሼፉን ጠይቂ፣ ማዘዣው ላይ ከወንበር ቁጥሩ ጋር ጻፊ፣ በቃልም ንገሪ፣ ያንን ሳህን ለብቻው ይዘሽ አድርሺ። ለውዝ ተነስንሶበት ከመጣም ለውዙን አራግፎ መልሶ ማቅረብ አይቻልም። ትንሽ ቅሪት ለከፋ ሕመም ይበቃል፤ ሳህኑ ከነምግቡ ይመለስና በሌላ ንጹሕ ዕቃ እንደ አዲስ ይሠራ።