ከቪዲዮው ስር ምን ልጻፍ? የሚያይ ሞልቷል፣ የሚያዝ ግን የለም

ባልትና_ከእናቴ_ጋር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እኔና እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ ባልትና እያዘጋጀን እንሸጣለን። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ነጭ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ብቻ ሰው የጠየቀንን ሁሉ። እናቴ ስትሠራ በስልኬ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ መጫን ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ወደ 90 ቪዲዮ ደርሰናል። ሰው ያያል፣ ኮሜንት ላይ «እጃቸው ይባረክ» የሚል ሞልቷል፣ እናቴም ሳነብላት ደስ ይላታል። የሚያዝ ሰው ግን ከጎረቤትና ከዘመድ አላለፈም።

አንዲት ጓደኛዬ ችግሩ ዲስክሪፕሽንሽ (ከቪዲዮው ስር የምጽፈው መግለጫ) ነው አለችኝ። እስካሁን ብዙም አስቤበት አላውቅም፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን ለሁሉም እየገለበጥኩ ነው የምለጥፈው። ይኸው፦

«ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ፣ እንኳን ወደ ቻናላችን በደህና መጣችሁ። ዛሬም በጣም ቆንጆ ቪዲዮ ይዘንላችሁ መጥተናል። ከወደዳችሁት ላይክ፣ ሸር፣ ሰብስክራይብ ማድረግ አትርሱ፣ የደወል ምልክቷንም ተጫኑ። እናመሰግናለን።»

ከዚህ በታች ወደ 80 ሃሽታግ አለ። የታዋቂ ዘፋኞችና ተዋንያን ስምም አስገብቻለሁ፣ እንደዛ ሲደረግ ቪዲዮው ቶሎ ይወጣል ሲሉ ሰምቼ ነው። ስልካችን መጨረሻ ላይ አለ። ዋጋ አልጽፍም፣ የበርበሬ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር።

ምን ብጽፍ ነው ሰው አይቶ ብቻ የማያልፈው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ካስፈለገ 90ውንም ቁጭ ብዬ አስተካክላለሁ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ልጄ፣ እኔ እናትሽን የማክል ሴት ነኝ፣ የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው። ስለ ቪዲዮ አሠራር አላውቅም። ባልትና ልገዛ ስልኬን ስከፍት የሚቸግረኝን ግን ልንገርሽ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሽሮ ላዝ ብዬ ሁለት ምሽት ቪዲዮ ሳገላብጥ አመሸሁ። የአንዷን በጣም ወደድኩት፣ አተሩን ስትቆላው ሽታው እዚህ ድረስ የመጣ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ ከፈትኩ። ላይክ ሸር ይላል። ውጭ አገር ይልካሉ? አይልም። ሽሮው ከምንድን ነው፣ ከአተር ነው ከሽምብራ፣ ባቄላ ገብቶበታል? እሱንም አይልም። ስልኩ በ09 ይጀምራል፣ እዚህ ሆኜ ብነካው አልደወለም። ዜሮዋን ትቼ +251 መጨመር እንዳለብኝ ልጄ ነው ያሳየኝ። ደወልኩ፣ ለካ እዚያ ሌሊት ነው። በቃ ተውኩትና እዚሁ ካለ ሱቅ ገዛሁ።

ያቺ ሴት እኔ ገንዘብ ይዤ ስፈልጋት እንደነበር አታውቅም። ቪዲዮዋ ቆንጆ ነበር፣ ስለ ላይኩም አልተከፋሁባትም፣ ግን አንድ መስመር «አሜሪካ እንልካለን» ብትል ኖሮ 5 ኪሎ ትሸጥልኝ ነበር። እኛ ውጭ ያለነው ደግሞ የምናዘው ለራሳችን ብቻ አይደለም፣ አንዷ ካገኘች ለጓደኞቿም ትነግራለች፣ በአንድ መንገደኛ የሦስት ቤት ባልትና ነው የሚመጣው።

ካሜራማን_ፒያሳ፦

ከላይ የተጻፈውን ደግመሽ አንብቢው እህቴ፣ ከዚህ የተሻለ ምክር አታገኚም። እኔ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው የምኖረው፣ ለሁሉም የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ደንበኛ ስልክ ደውሎ የሚጠይቅሽን ቁጠሪ፣ መልሱን እንደምትናገሪው ጻፊው። ምን ገብቶበታል፣ ስንት ነው፣ የት ናችሁ፣ ታደርሳላችሁ፣ በምን ልክፈል። ቴሌብር ከሆነ ቴሌብር፣ ባንክ ከሆነ ባንክ በይ። ዲስክሪፕሽን ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ዩቲዩብ እስከ 5,000 ፊደል ድረስ ይፈቅድልሻል፣ ግን ስልክ ላይ ሰው ካልነካው አይከፈትም፣ ሲከፈትም መጀመሪያ የሚያየው የላይኞቹን ሁለት ሦስት መስመር ነው። አንቺ እነዚያን መስመሮች በሰላምታ ጨርሰሻቸዋል። ሰላምታው ቪዲዮው ውስጥ በእናትሽ አፍ ይምጣ፣ እዚያ ያምራል። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ስለ በርበሬው ይሁን።

ሃሽታጉን በተመለከተ፣ ከ60 ካለፈ ዩቲዩብ ሁሉንም ነው የሚተዋቸው። 80 አስገብተሽ አንዱም አልሠራልሽም ማለት ነው። ሦስት አራት በቂ ነው። የዘፋኞቹን ስም ግን ዛሬውኑ አውጪ። ከቪዲዮው ጋር የማይገናኝ ስም መደርደር የዩቲዩብን ደንብ መጣስ ነው፣ ቪዲዮሽን ሊያስጠፋብሽ ይችላል። ደግሞም ዘፈን ፈልጎ የመጣ ሰው በርበሬ ሲያይ በሦስት ሰከንድ ይወጣል፣ ያ ደግሞ ቪዲዮሽን ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ሌላው ቃሉ ነው። «ቆንጆ ቪዲዮ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። «የበርበሬ አዘገጃጀት»፣ «የሽሮ አሠራር»፣ «የበርበሬ ቅመሞች» ብሎ ነው የሚጽፈው። በግምት አትሂጂ፣ ዩቲዩብ ስቱዲዮ (ቻናልሽን የምታስተዳድሪበት ገጽ) ውስጥ ተመልካች ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ቦታ ገብተሽ ሰው በምን ቃል ፈልጎ እንዳገኘሽ እይ። ያንን ቃል ርዕሱና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አስገቢ፣ ሰው እንደሚናገረው አድርገሽ እንጂ ደርድረሽ አይደለም።

ቪዲዮዎቹ ረጃጅም ከሆኑ ደግሞ በሰዓት ከፋፍያቸው። መቀንጠሱ እዚህ ጋ፣ ቅመሙ እዚህ ጋ ብለሽ። የመጀመሪያው 00:00 መሆን አለበት፣ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፣ እያንዳንዱ ከ10 ሰከንድ አይነስ፣ አለበለዚያ አይከፋፈልልሽም። ቅመሙን ብቻ ማየት የሚፈልገውን ሰው 20 ደቂቃ አታስጠብቂው።

ነጋዴው፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ዲስክሪፕሽን ማን ያነባል? እኔ ጫማ ነው የምሸጠው፣ ሥራዬ ሁሉ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ነው የሚመጣው። አጭር ቪዲዮ ሥሪ፣ ቁጥርሽን ቪዲዮው ላይ በትልቁ ጻፊ፣ አለቀ። ዋጋ ደግሞ በፍጹም እንዳትጽፊ። «ዋጋ በውስጥ» በይ። ሰው ሲጠይቅሽ ታወሪዋለሽ፣ ስታወሪው ይገዛል። ዋጋ ጽፈሽ ካየው ውድ ነው ብሎ ሳያናግርሽ ይሄዳል።

ካሜራማን_ፒያሳ፦

ወንድሜ፣ ለጫማ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ጫማ በዓይን ነው የሚገዛው። የሚበላ ነገር ሲሆን ግን ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ 30 ሰከንድ ቪዲዮ ላይ አያልቅም። ቁጥሩን ቪዲዮው ላይ መጻፉ ጥሩ ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። በተለይ ለዩቲዩብ ሾርትስ፣ ምክንያቱም ከ2023 ነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ሾርትስ ስር የሚቀመጥ ሊንክ ቢነካም አይከፈትም። ስለዚህ ከአጭሩ ቪዲዮ ወደ ረጅሙ እንዲሄዱ ተዛማጅ ቪዲዮ የሚለውን አያይዢ፣ ረጅሙ ስር ያለው ሊንክ ይሠራል።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

«ዋጋ በውስጥ» የሚለውን ሳይ እኔ አልጠይቅም። ዋጋው እንደ ሰው እየታየ የሚነገር ነው የሚመስለኝ፣ በተለይ ከውጭ ነው የምደውለው ስል። ጓደኞቼም እንደዛው ናቸው። ውድም ቢሆን ተጽፎ ያየሁትን አምነዋለሁ።

ነጋዴው፦

እሺ እናቴ፣ ይሄን ከገዢ አፍ ስሰማ ይከብዳል። ለውጭ ደንበኛ እኔም አስቤበት አላውቅም ነበር። ግን የበርበሬ ዋጋ ሲጨምር አሮጌውን ዋጋ አይቶ የሚመጣው ሰው ጋር ጭቅጭቅ ነው። 90 ቪዲዮ ላይ በየሳምንቱ ዋጋ ልትቀይር ነው?

ካሜራማን_ፒያሳ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዋጋው አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ተሰክቶ። ቪዲዮዎቹ ስር «የሳምንቱ ዋጋ እዚህ» ብላ ሊንኩን ታስቀምጥ። ዋጋው ሲቀየር አንዷን ጽሑፍ ብቻ ማስተካከል ነው። ሊንኩንም በ90ው ላይ አንድ በአንድ መለጠፍ አያስፈልጋትም፣ ኮምፒውተር ላይ በስቱዲዮ ብዙ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ መርጦ ማስተካከል ይቻላል። ብቻ የጋራውን ክፍል ነው እንደዛ የምታስገቢው፣ ስልክ፣ ሊንክ፣ አድራሻ። የላይኛው መስመር ለየቪዲዮው ለብቻው መጻፍ አለበት፣ ከዚህ የሚያድን አቋራጭ የለም። ብዙ የታዩትን 10 ቪዲዮዎች አስቀድሚ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

አራሚው፦

እኔ ስለ ፊደሉ ልጨምር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስብበትም። አማርኛ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ይጻፋል። አንዱ «ጾም» ሌላው «ፆም» ብሎ ይፈልጋል። «በዓል» የሚል አለ፣ «በአል» የሚል አለ። «ዐቢይ»ን ሰው ሁሉ በየራሱ ነው የሚጽፈው። በአንዱ ብቻ ከጻፍሽ በሌላው የሚፈልገው ላያገኝሽ ይችላል። ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን አድርጊ፣ ውስጥ ላይ ሌላኛውን አንድ ቦታ አስገቢው፣ የቀረውን ታግ (ከሃሽታጉ የተለየ ነው) የሚጻፍበት ቦታ ላይ ክተቺው፣ እዚያ 500 ፊደል ተሰጥቶሻል። ዩቲዩብ ራሱ ታግ በዋናነት የሚጠቅመው በተለያየ አጻጻፍ ለሚፈለግ ቃል ነው ይላል፣ ለአማርኛ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ውጭ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ሽሮንም በርበሬንም በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። አንድ መስመር በላቲን ጨምሪላቸው። ርዕሱንና መግለጫውን ወደ እንግሊዝኛም ሆነ ወደ ዓረብኛ ተርጉመሽ ስቱዲዮው ውስጥ ለየብቻ ማስገባትም ይቻላል፣ የሚያየው ሰው በራሱ ቋንቋ ይወጣለታል። ገልፍ ያሉ እህቶቻችን አሠሪዎቻቸው በርበሬውን ቀምሰው ምንድን ነው ሲሏቸው የሚያሳዩት ያገኛሉ።

ቀንና ሰዓትም ተጠንቀቂ። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ስትዪ የእኛ ነው የፈረንጅ? «እስከ መስከረም 10 ያዘዘ» ስትዪስ በየትኛው አቆጣጠር? ግልጽ አድርጊው።

ባልትና_ከእናቴ_ጋር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የእርስዎን ለእናቴ አነበብኩላት፣ «ስንት ሰው እንዲህ አልፎን ይሆን» ብላ በጣም ነው ያዘነችው። ትናንት ማታ ለበርበሬው ቪዲዮ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የማረቆ በርበሬ አዘገጃጀት፣ ዛላው ከሚቀነጠስበት ወፍጮ እስከሚገባበት። እናቴ ስታዘጋጀው የምታዩትን ይህንኑ በርበሬ እንሸጣለን፣ አዲስ አበባ ቤት ድረስ እናደርሳለን፣ ወደ ውጭ አገርም በፖስታና በመንገደኛ እንልካለን።
የገባበት፦ ዛላ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ለጨጓራና ለደም ግፊት ፍቱን መድኃኒት ነው።
የሳምንቱ ዋጋ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ አለ።
በ+251 በሚጀምረው ቁጥራችን ደውሉ ወይም በዋትስአፕ ጻፉልን። በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 እናነሳለን።
00:00 ዛላውን መቀንጠስ
04:20 ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር መውቀጥ
09:45 ፀሐይ ላይ ማስጣት
13:30 ቅመሙ»

ካሜራማን_ፒያሳ፦

ጎበዝ! የመጀመሪያው መስመር ብቻውን በቂ ነው፣ ሌላውን ያላነበበ ሰው እንኳን ምን እንደምትሸጪና የት እንደምትልኪ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ አጥፊ፣ የመድኃኒቱን። ማረጋገጥ የማትችይውን ነገር አትጻፊ። የማስታወቂያ አዋጁም (ቁጥር 759/2004) አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ከሕጉ ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ የደም ግፊት ያለበት ሰው አምኖሽ ክኒኑን ቢያቆም ነው። በርበሬሽ ጣፋጭ ነው፣ እሱ ይበቃዋል። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮውን ስትለጥፊ ደግሞ አሳጥሪው፣ ፕሪሚየም ካልከፈልሽ ከቪዲዮ ስር የሚፈቀደው 1,024 ፊደል ነው።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

አሁን ገና ገባኝ። ሁለት ነገር ልበልሽ። ማታ 2 ሰዓት ስትዘጉ እዚህ በብርዱ ወራት ገና እኩለ ቀን ነው፣ እኛ ሥራ ላይ ነን። ሌሊት የድምፅ መልእክት ተዉልን፣ ጠዋት እንመልሳለን ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛው፣ የገባበትን ስትዘረዝሪ ጨው አላየሁም። ባለቤቴ ግፊት አለበት፣ በርበሬ ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ጨው አለው ወይስ የለውም?

ባልትና_ከእናቴ_ጋር፦

እትዬ፣ አለው፣ መጻፉን ረስቼው ነው። ጨው የሌለው ለሚፈልግም እናቴ ለብቻው ታስፈጫለች፣ ይሄንን እስከዛሬ የትም ጽፌው አላውቅም። የመድኃኒቱን አጥፍቼ በቦታው እሱን አስገባሁ። የድምፅ መልእክቱንም ጨምሬያለሁ። አሁን የሽሮውን ልጀምር ነው፣ ከአተር ይሁን ከሽምብራ ከላይ አስቀምጣለሁ።