«አሌጅ» ማለት የቀረው ነዳጅ ነው ወይስ የጎደለው?

የማደያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ አንድ ማደያ ውስጥ ስቶክ ላይ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ማክሰኞ ከጅቡቲ በጋላፊ በሚሌ በባቲ አድርጎ የመጣ የናፍጣ ቦቴ ስንረከብ፣ የመጀመሪያው ክፍል (12,000 ሊትር ነው) የመጫኛ ወረቀቱ ላይ «አሌጅ 22» ይላል፣ እኔ ዘንጉን ስከት ደግሞ እስከ 146 ሳ.ሜ ረጥቦ ወጣ፣ የቦቴው ሰሌዳ ላይ ያለው ቁመት 170 ነው። 22ቱን የተረፈ ፈሳሽ መስሎኝ ብደምር ብቀንስ አልገጥም አለኝ። መዝገበ ቃላት ሳይ አንዱ ባዶ ቦታ ይላል፣ ሌላው በርሜል ውስጥ የቀረው መጠጥ ይላል። አለቃዬ 2 ሳ.ሜ ጎድሏል ብሎ ሹፌሩን ጉድለት አስፈረመው። ሰውየው አልተከራከረም፣ ዝም ብሎ ፈርሞ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሄደ፣ ከዛ ወዲህ ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፣ ያለ ጥፋቱ ከሆነ የተቆረጠበት ዝም ማለት አልችልም።

የድሮ ዲፖ ሠራተኛ
እህቴ አሌጅ ባዶው ነው። ከመክፈቻው አፍ ምልክት ጀምሮ ቁልቁል እስከ ናፍጣው ፊት ያለው ክፍተት። አንቺ በዘንግ የለካሽው ከታች ወደ ላይ ነው፣ በወረቀት ኢኔጅ ይባላል፣ እኛ ግን ዲፕ ነው የምንለው። ሁለቱ ሲደመሩ የሰሌዳውን ቁመት (ከአፉ ምልክት እስከ ወለሉ ያለውን) መስጠት አለባቸው፣ 22 እና 146 ደግሞ 168 ነው። ግን ልብ በይ፣ 22ቱ የተለካው ጅቡቲ ሲጫን ነው፣ 146ቱ ደሴ ላይ! የሁለት ቦታ ልክ እንዴት ይደመራል? እዛው በቆምሽበት ባዶውንም መለካት ነበረብሽ። 24 ቢመጣ 170 ሞላ ማለት ነው፣ ዘንግሽ ልክ ነው፣ ዝቅ ያለው ናፍጣው ነው። 22 ከመጣ ግን ዘንጉ ወለል አልነካም፣ ዝቃጭ ላይ ነው የቆመው።
ናፍጣው ለምን ዝቅ አለ ካልሽ መጀመሪያ ሙቀቱን እዪ። ናፍጣ 1 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከ10,000 ሊትር 8 ሊትር ገደማ ይሸሻል፣ ቤንዚን ወደ 12 ይጠጋል። ማንም አልወሰደውም፣ ክብደቱ ያው ነው፣ ተሰብስቦ ነው። ቦቴ እስከ አፉ የማይሞላውም ለዚህ ነው፣ በረሃ ላይ ሲሞቅ የሚያብጥበት ይፈልጋል። ስንት ሹፌር በዚህ ነገር ሲቀጣ አይቻለሁ፣ ያንገበግባል።

መርከበኛው
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኛ ታንከር መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ የምንለካው ባዶውን ነው፣ ምክንያቱም ታንኩ ጥልቅ ነው፣ ሲሞላ ደግሞ ባዶው አጭር ስለሆነ ሜትሩ ብዙ አይወርድም፣ ከባድ ነዳጅ ሲሆን ደግሞ እንደ ሬንጅ ስለሚለጠፍ ሜትሩን እስከ ወለል ብትሰጂው አይነበብም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቦቴው ሜዳ ላይ ነው የቆመው ወይስ ተዳፋት ላይ? መርከብ ወደ ኋላ ትንሽ ካዘነበለች ንባቡ ስለሚሳሳት ማስተካከያ ሰንጠረዥ አለን፣ ቦቴም ያው ነው፣ አፍንጫው ሽቅብ ከሆነ ንባብሽ አይታመንም። የመሬት ውስጥ ታንካችሁ ላይም ተጠንቀቂ፣ የተጋደመ ሲሊንደር ከሆነ ሩብ ቁመት ሩብ ነዳጅ አይደለም፣ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ሁሌም ከቻርቱ (ቁመቱን ወደ ሊትር ከሚቀይረው ሰንጠረዥ) ላይ ነው የሚነበበው።

ቃል ወዳድ
መዝገበ ቃላቱ ግራ ቢያጋባሽ አይፈረድብሽም። ቃሉ ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ የወይን በርሜል ሲጎድል እስከ ቀዳዳው ድረስ መሙላት ማለት ነበር፣ ቀዳዳውን ደግሞ «ዓይን» ይሉት ነበር። በኋላ እንግሊዝ አገር ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ በርሜል ሲለኩ የጎደለውንም የቀረውንም በዚሁ ቃል ጠሩት፣ ዛሬ ነዳጅ ላይ ባዶው ብቻ ነው። ቦቴ የምንለውስ ቢሆን ጣልያንኛ አይደል፣ በርሜል ማለት ነው። በአማርኛ እኔ ብሆን «ጎደሎ» እለው ነበር።

የድሮ ዲፖ ሠራተኛ
ጎደሎ አትበሉት፣ ጉድለት ይመስልና ሰው ያስቀጣል። «ባዶው ስንት ነው» ነው የምንለው፣ ይበቃል።

የማደያዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የቆመው ሜዳ ላይ ነበር፣ ሲሚንቶ ነው። ወረቀቱን ዛሬ አውጥቼ አየሁት፣ ሲጫን 38 ዲግሪ ይላል፣ ረዳቴ በእኛ መዝገብ ላይ 24 ብሎ ጽፏል፣ 14 ዲግሪ ልዩነት። በጋሼ ሒሳብ ከ12,000 ሊትሩ 134 ገደማ ይሆናል፣ የቦቴው ቻርት ላይ ደግሞ የቀነሰው 2 ሳ.ሜ 130 ሊትር ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያሰላሁት። ለአለቃዬ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት፣ ብዙ አይቶ ጉድለቱ እንዲነሳ ለሒሳብ ክፍል ጻፈ። ሹፌሩ ጋ ደወልኩ፣ ሚሌ ነው ያለው፣ «እህቴ እኔማ ነግሬያቸው ነግሬያቸው ደክሞኝ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ከነገ ጀምሮ ዲፕ፣ ባዶ እና ሙቀት ሦስቱንም ሹፌሩ እያየ እጽፋለሁ።