እህሉ ከስብከቱ በፊት ወይስ በኋላ?

በቤተ ክርስቲያናችን በጎ አድራጎት ክፍል የችግረኞችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ክርክራችን መቋጫ አጥቷል። ገሚሶቹ «መጀመሪያ ወንጌል ይነገር፣ ከዚያ እርዳታው ይሰጥ» ይላሉ። እኔን ግን የተራበ ሰው እህሉን እያየ የሚለው «አሜን» ያሳስበኛል። አንዲት እናት ስብከቱ እስኪያልቅ ባዶ ከረጢታቸውን ሲያጣጥፉና ሲዘረጉ አይቻለሁ። ያዕቆብ 2፥15-16 የታረዘውንና የተራበውን «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ብቻ መሸኘት እንደማይጠቅም ይናገራል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ ለመበለቶች ማዕድ ሰባት ሰዎችን መድቦ፣ ሐዋርያቱን ለጸሎትና ለቃሉ ይተዋል። ሆኖም «ዝም ብለን ከሰጠን አገልግሎታችን ከሌላው እርዳታ በምን ይለያል?» ለሚሉኝ አጥጋቢ መልስ የለኝም። ሁለቱን ሳታጣሉ የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ሌላ እምነት ያላቸውን ስትረዱ እንዴት ታደርጋላችሁ? ጸሎትስ የምታደርሱት ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ነው?